የቻርልስተን የጥንት ቤቶችና ጓሮዎቻቸው



እንግዳ ወደ ቤታችን ሲመጣ የምናስገባው በፊት በር ነው። ምንጣፉ ይዘረጋል፤ ወንበሩ ይወለወላል፤ የአያት ፎቶግራፍ ደኅና ሆኖ እንዲታይ መጋረጃው ይገለጣል። ወደ ጓዳ ግን እንግዳ አይገባም። ይህም የእኛ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሕዝብ ልማድ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብሁት በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ስለምትገኝ ስለ አንዲት የጥንት ከተማ ነው። የከተማይቱ ዝና ቤቶቿ ናቸው፤ እነርሱንም ለማየት ከዓመት እስከ ዓመት አገር ጎብኚው ይጎርፋል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ጎብኚው በየትኛው በር ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ ነው።

ከተማይቱ ቻርልስተን ትባላለች፤ የምትገኘውም በደቡብ ካሮላይና ግዛት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ጠረፍ ነው። አሽሊና ኩፐር የሚባሉ ሁለት ወንዞች ግራና ቀኝ አቅፈዋት ወደ ባሕር ስለሚገቡ፥ ምድሯ እንደ ምላስ ወደ ውኃው የተዘረጋ ነው። እንግሊዛውያን ሠፋሪዎች በ1670 በአሽሊ ወንዝ በምዕራብ ዳር ሠፈሩ፤ ዐሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1680 ከተማይቱ ዛሬ ወዳለችበት ስፍራ ተሻገሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ስሟም የእንግሊዝ ንጉሥ ከነበረው ከዳግማዊ ቻርልስ የተወሰደ ሲሆን፥ ዛሬ የምትጠራበት አጠራር የጸናው አሜሪካ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በ1783 ነው።

በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ይህች ከተማ በእንግሊዝ የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ውስጥ ከፊላዴልፊያ፥ ከኒውዮርክና ከቦስተን ቀጥላ አራተኛይቱ ነበረች። ባለጠግነቷም የመጣው ከሩዝና ኢንዲጎ ከሚባለው ሰማያዊ የልብስ ማቅለሚያ ነው። በዚያ አገር ሩዝ የሚዘራው በረግረግ ላይ ነው። ረግረጉን መመንጠር፥ ቦዩን መቈፈር፥ ግድቡን መካብ፥ ወባ በበዛበት ቆላ ቀኑን ሙሉ ከውኃ ውስጥ ቆሞ ማረም ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሠሩት ከአፍሪካ ታስረው የመጡ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ የተወለዱት ሩዝ በሚበቅልበት በምዕራብ አፍሪካ ስለ ነበረ፥ የተወሰደባቸው ጉልበታቸው ብቻ አይደለም፤ ዕውቀታቸውም ጭምር ነው። ከ1708 ገደማ ጀምሮ በቅኝ ግዛቲቱ ውስጥ ከነጩ ይልቅ የጥቁሩ ቍጥር ይበልጥ ነበር። ወደ ሰሜን አሜሪካ ከመጡት አፍሪካውያን ባሮች መካከል ከመቶው አርባ ያህሉ መጀመሪያ ምድር የረገጡት በዚህች ወደብ እንደ ሆነ ይገመታል። ይህን ቍጥር ለጊዜው በልባችሁ ያዙልኝ።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ። የቻርልስተንን ቤቶች መጀመሪያ የሚያይ ሰው ቤቶቹ ከመንገዱ ጋራ የተጣሉ ይመስሉታል። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አላዞሩም፤ ጎናቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ይህ «ነጠላ ቤት» የሚባለው አሠራር ነው። ወርዱ አንድ ክፍል ብቻ ሲሆን ርዝመቱ ወደ ግቢው ውስጥ ይዘልቃል፤ ሁለት ወይም ሦስት ደርብም ይኖረዋል። በአንደኛው ጎኑ፥ አብዛኛውን ጊዜ በደቡብ ወይም በምዕራብ በኩል፥ ከዳር እስከ ዳር በረንዳ ተሠርቶለታል። ምክንያቱም የአገሩ ሙቀት ጽኑ ስለ ሆነ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ በበረንዳው አልፎ ቤቱን ሁሉ እንዲያናፍሰው ነው። አንዳንድ መሪዎች ግን ለጎብኚው ሌላ ምክንያት ይነግሩታል፤ ግብር የሚከፈለው በመንገድ ዳር ባለው የቤት ስፋት ልክ ስለ ነበረ ባለቤቶቹ ግብር ለመሸሽ ቤቱን አጥብበው ሠሩ ይላሉ። የታሪክ መርማሪዎች እንዲህ ያለ ሕግ ፈልገው አላገኙም። ነገር ግን ግብር ስለ መሸሽ የሚወራ ወሬ በየትም አገር ቶሎ የሚታመን ስለ ሆነ፥ ይህም ወሬ እስከ ዛሬ አልሞተም።

ያን ረጅም በረንዳ የከተማይቱ ሰዎች ፒያሳ ይሉታል። ጣልያን ፒያሳ ሲል አደባባይ ማለቱ ነው፤ አዲስ አበቤ ፒያሳ ሲል ሠፈር ማለቱ ነው፤ ቻርልስተናዊ ደግሞ በረንዳ ማለቱ ነው። ቃልም እንደ ሰው ከአገሩ ከወጣ በኋላ የት እንደሚያድር አይታወቅም። በመንገዱ ዳር ያለውን ያማረ በር ከፍታችሁ ብትገቡ ገና ከቤት አልገባችሁም፤ የቆማችሁት በረንዳው ላይ ነው። እውነተኛው የቤት በር በረንዳው መካከል ላይ ይገኛል። እንግዲህ ይህ ከተማ በር ከማሳየት ይልቅ በር መሸሸግ የሚያውቅ ነው።

ከቤቶቹ ግድግዳ ላይ ከውጭ በኩል ትልልቅ የብረት ቍልፎች የመሰሉ ነገሮች ታያላችሁ። ጌጥ እንዳይመስሏችሁ። በኦገስት 31 ቀን 1886 ማታ ከተማይቱን ብርቱ የምድር መንቀጥቀጥ መታት፤ ስድሳ ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ግድግዳም ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ባለቤቶቹ ረጃጅም የብረት ዘንግ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው አሳልፈው ጫፉን ከውጭ በብሎን አጠበቁት። ቤቶቹ እንደ ተቀደደ ልብስ ተጠቅመው ቆሙ ማለት ይቻላል።

ስለ ብረት ካነሣን ዘንድ አጥሮቹንና የአጥር በሮቹን ሳንመለከት አናልፍም። ብረቱ እንደ ሐረግ ተጠምዝዞ፥ እንደ ልብ ተቈልምሞ፥ ወፍና ዓሣ ሆኖ ይታያል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ከ1912 እስከ 2009 የኖረው የፊሊፕ ሲመንስ የእጅ ሥራ ናቸው። ይህ ጥቁር አንጥረኛ በከተማይቱ ውስጥ ከአምስት መቶ በላይ ሥራዎች ትቷል። በ1982 የአሜሪካ መንግሥት ለባህል ጥበብ ባለሙያዎች የሚሰጠውን ታላቅ ክብር አገኘ። ሙያውን የተማረው በልጅነቱ ፒተር ሲመንስ ከሚባል ሽማግሌ አንጥረኛ ነበር፤ ስማቸው ቢመሳሰልም ዘመድ አልነበሩም፤ ሽማግሌውም በባርነት የተወለደ ነበር። ስለዚህ ጎብኚው ገና ቤቱ ሳይገባ፥ የፊቱን በር ለመክፈት እጁን ሲዘረጋ፥ የሚጨብጠው በጓሮ በኩል የመጣ ሙያ ነው።

ይህን ያህል የጥንት ቤት እንዴት ሳይፈርስ ሊቈይ ቻለ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ ድህነት ነው። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ሩዙም፥ ባሪያውም፥ ገንዘቡም ሄደ። ሌሎች ከተሞች አሮጌውን እያፈረሱ ረጃጅም ሕንጻ ሲሠሩ፥ ቻርልስተን የማፍረሻም የመሥሪያም ገንዘብ አጣች። ቀለሙ የረገፈው ቤት እንደ ቆመ ቀረ። የገንዘብ እጦት ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ያለ ደመወዝ ዘበኛ ሆነ።

አደጋው የመጣው ገንዘብ መታየት ሲጀምር ነው። በ1920 ገደማ አውቶሞቢል በዛ፤ የቤንዚን ማደያ ቦታ ፈለገ። የሩቅ ከተሞች ሙዚየሞችም የጥንቱን ክፍሎች የግድግዳ እንጨት ከነቅርጹ እየነቀሉ ይገዙ ጀመር፤ ከአንድ የቻርልስተን ቤት የተነቀለ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ዛሬ በሰሜን በሚኒያፖሊስ ሙዚየም ውስጥ ተተክሎ ይገኛል። በ1803 የተሠራው የጆሴፍ ማኒጎልት ቤት ሊፈርስ ሲል፥ ሱዛን ፕሪንግል ፍሮስት የምትባል ሴት በ1920 ሰዎችን ሰብስባ የጥንት ቤቶች መጠበቂያ ማኅበር አቋቋመች። ቤቱ ተረፈ፤ የአትክልት ቦታው ግን ለጊዜው የቤንዚን ማደያ ከመሆን አላመለጠም። በ1933 የቻርልስተን ሙዚየም ተረከበው።

ለመንግሥት ሠራተኛ አንባብያን ደስ የሚያሰኘው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1931 የከተማይቱ ምክር ቤት በአሜሪካ አገር የመጀመሪያ የሆነውን ደንብ አወጣ። ደንቡ የጥንቱን ሠፈር ከለለና፥ በዚያ ክልል ውስጥ ያለ ቤት ገጽታው እንዲለወጥ የሚፈልግ ባለቤት አስቀድሞ ሥዕሉን ለአንድ ጉባኤ አቅርቦ ፈቃድ እንዲቀበል አዘዘ። መዝገብና ማኅተም ብዙ ጊዜ ይታማሉ፤ ሐሜቱም ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ዛሬ በቻርልስተን መንገድ ላይ ቆሞ የሚደነቅ ሰው የሚደነቀው በግንበኛው ሥራ ብቻ ሳይሆን በፋይልም ጭምር እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባዋል።

በዚያው ዓመት በኢስት ቤይ መንገድ ላይ ዶሮቲ ሌግ የተባለች ባለቤት የገዛችውን ያረጀ ቤት በሮዝ ቀለም ቀባችው። ጎረቤቶቿም ተከተሏት፤ እያንዳንዱ ሌላ ለስላሳ ቀለም መረጠ። ዐሥራ ሦስቱ ተያያዥ ቤቶች ዛሬ «የቀስተ ደመና ረድፍ» እየተባሉ በፖስታ ካርድ ሁሉ ላይ ይታያሉ። ፖስታ ካርዱ የማያሳየው አንድ ነገር አለ። በእነዚህና በአካባቢው ባሉት ያረጁ ቤቶች ተከራይተው ይኖሩ ከነበሩት ድሆች ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። ቤቶቹ እየተገዙና እየታደሱ ሲሄዱ ተከራዮቹ ወጡ። ይህ ነገር በዚያ ሠፈር ብቻ አልቀረም። ጥንታዊው የከተማ ክፍል እስከ 1980 ድረስ አብዛኛው ነዋሪው ጥቁር ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ነጭ ነው። ቤትን ማዳን መልካም ሥራ ነው፤ ቢሆንም ከቤቱ ጋራ የሚድነው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባ ነበር።

እንግዲህ ወደ ውስጥ እንግባ። በሚቲንግ መንገድ የሚገኘው የናትናኤል ራስል ቤት በ1808 የተፈጸመ ነው። የሚጎበኘው ሁሉ አንገቱን የሚያቀናው ወደ ደረጃው ነው። ደረጃው እንደ ቀንድ አውጣ እየዞረ ሦስት ደርብ ይወጣል፤ ከታች ምሰሶ የለውም፤ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ሲመለከቱት አናጢው ምን ያህል ሒሳብ እንደ ሠራ ያስገርማል። ራስል ከሰሜን ከሮድ አይላንድ የመጣ ነጋዴ ነበር። የነገደውም ሩዝና ኢንዲጎ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይነግድ ነበር። ቤቱን በ1955 የገዛው በ1947 የተቋቋመው የቻርልስተን ታሪክ ጠባቂ ድርጅት ሲሆን፥ ለጎብኚ ክፍት አድርጎታል።

ለብዙ ዘመን ጎብኚው ደረጃውን አይቶ፥ የብር ዕቃውን አይቶ፥ የአትክልቱን ቦታ ዞሮ ይሸኝ ነበር። ስለ ጓሮው ከጠየቀም መሪዎቹ «የአገልጋዮች ክፍል ነው» ይሉት ነበር። አገልጋይ! ይህን ቃል እናስተውለው። አገልጋይ ደመወዙን ተቀብሎ፥ ሲከፋው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። በእነዚያ ጓሮዎች ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ግን የሚገዙና የሚሸጡ ነበሩ። አንዲት ለስላሳ ቃል ከከፍተኛ ግንብ ይልቅ ጓሮን መሸፈን ትችላለች።

ጓሮውን በደኅና ለማየት ወደ ኤክን ሬት ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ይህ ቤት በ1820 ለአንድ ነጋዴ የተሠራ ሲሆን፥ በኋላ የግዛቲቱ አገረ ገዢ የነበረው ዊልያም ኤክን ኖረበት። ኤክን በጂሆሲ ደሴት በነበረው የሩዝ እርሻው ላይ ሰባት መቶ ያህል ባሮች ነበሩት። የቤተ ሰቡ ዘሮች እስከ 1975 ድረስ ቤቱን ይዘውት ስለ ቈዩ ጓሮው ሳይፈርስ ተገኘ። የሚጠብቁትም ሰዎች አዲስ ቀለም ከመቀባት ይልቅ የተላጠውን እንደ ተላጠ ለመተው ወሰኑ፤ በእኔ አስተያየት ይህ ከወርቅ ቅብ ይልቅ ብልህነት ነው። ዋናውን ቤት አልፋችሁ ስትወጡ ግቢው በከፍተኛ ግንብ ታጥሮ ታገኙታላችሁ። በአንድ ወገን ማድ ቤቱና የልብስ ማጠቢያው፥ በሌላው ወገን የፈረሱ ጋጥና የሠረገላው ማቆሚያ አሉ። ከበላያቸው ባሉት ትንንሽ ክፍሎች ሰዎቹ ያድሩ ነበር። ማድ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ መሠራቱ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአሮጌው የአዲስ አበባ ግቢም እንዲሁ ነው። የዚያኛው ጓሮ ግን በግንብ የታጠረው ጭሱን ለማራቅ ብቻ አልነበረም።

ከእነዚያ ክፍሎች ነዋሪዎች የጥቂቶቹ ስም ታውቋል፤ ዶርካስና ሳምቦ ሪቻርድሰን ከልጆቻቸው ጋራ፥ አን ግሬግስም ከልጇ ከሄንሪ ጋራ። የደረጃው ሠሪ ሲመሰገን የእነዚህም ስም ቢነሣ የሚበዛ አይመስለኝም።

ፍርሃትም በቤቶቹ ላይ የራሱን ቅርጽ ጥሏል። በ1822 ዴንማርክ ቪሲ የተባለ ጥቁር አናጢ፥ በሎተሪ ባገኘው ገንዘብ ነጻነቱን የገዛ ሰው፥ ባሮቹን ለማስነሣት ዐድሟል ተብሎ ተያዘ። እርሱና ሌሎች፥ በጠቅላላው ሠላሳ አምስት ሰዎች ተሰቀሉ። በኪንግ መንገድ ያለው የማይልስ ብሩተን ቤት በአጥሩ አናት ላይ እንደ ጦር የሾሉ ብረቶች አሉት፤ የተተከሉትም ከዚያ በኋላ እንደ ሆነ ይነገራል። ጎብኚው ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል፤ ያማሩ ናቸውና።

አንዱን ቤት ስጨምርላችሁ ታገሡኝ። በቸርች መንገድ ያለው የሄይዋርድ ዋሺንግተን ቤት በ1772 የተሠራ ነው። ባለቤቱ ቶማስ ሄይዋርድ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ ሲሆን፥ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሺንግተንም በሜይ ወር 1791 አንድ ሳምንት ያህል ዐርፎበታል። ይህን ሁሉ መሪዎቹ በኩራት ይናገራሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤቱን የገዛው ጆን ግሪምኬ የሚባል ዳኛ ነበር። የዳኛው ልጅ ሣራ የሕፃንነት ዘመኗን በዚህ ቤት አሳለፈች። ወደ ቤቱ በገባች ጊዜ በዚያ ግዛት ባሪያን ጽሕፈት ማስተማር ከ1740 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነበር። ሣራ ግን ልጅ ሳለች ለእርሷ የተሰጠችውን ልጃገረድ ማታ ማታ የበሩን ቀዳዳ ሸፍና፥ በምድጃው ብርሃን ፊደል ታስቈጥራት እንደ ነበረና እንደ ተያዙ በኋላ ጽፋለች። አድጋም ወደ ሰሜን ሄደች፤ ታናሽ እኅቷ አንጀሊናም በኋላ ተከተለቻት፤ ሁለቱም ባርነት እንዲቀር በአደባባይ ተናገሩ፤ ጻፉም።

ቀስ በቀስ ጓሮው ይናገር ጀምሯል። በቻልመርስ መንገድ የነበረው የባሪያ መሸጫ አዳራሽ ዛሬ ሙዚየም ነው። በጁን ወር 2018 የከተማይቱ ምክር ቤት ከተማይቱ በባርነት ስለ ነበራት ድርሻ ይቅርታ የሚጠይቅ ውሳኔ አጸደቀ። አስቀድሜ በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁ ቍጥርም የራሱን ስፍራ አገኘ፤ መርከቦቹ ሰዎችን ያወርዱበት ከነበሩት ወደቦች አንዱ በሆነው በጋድስደን ወደብ ላይ በጁን 2023 የአፍሪካውያን አሜሪካውያን ሙዚየም ተከፈተ። ሕንጻው በምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ የቆመ ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት ክፍት ሆኖ ተትቷል።

ወደ ራስል ቤት ተመልሰን እንጨርስ። ከያ የሚያስደንቅ ደረጃ በስተኋላ ማድ ቤቱ አለ። በቅርብ ዓመታት ግድግዳው ሲመረመር ከልስኑ በስተጀርባ የቈየ የአይጥ ጎጆ ተገኘ። አይጥ ያገኘችውን ሁሉ እየጎተተች ታከማቻለችና፥ በውስጡ አዝራር፥ የጨርቅ ቅዳጅ፥ የወረቀት ቍራጭ ነበረ። ከወረቀቱም አንዱ ከንባብ መማሪያ መጽሐፍ የተቀደደ ገጽ ሆኖ ተገኘ። በ1834 በደቡብ ካሮላይና የወጣው ሕግ ባሪያን ማንበብ ወይም መጻፍ የሚያስተምር ነጭ በገንዘብና በእስራት፥ ጥቁር የሆነ እንደ ሆነ እስከ ኀምሳ በሚደርስ ግርፋት እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር። ባሮቹ ያድሩበት በነበረው በዚያ ማድ ቤት መጽሐፉን ማን እንዳመጣው፥ በእርሱም ማን እንዳነበበ የተጻፈ ነገር የለም። የተገኘችው ያችው ገጽ ብቻ ናት።